ሐዋሳ፦ ጎመን የሚበላው ጥቁር ትል አታሊያ ነው?

ጥያቄ፦
ሐዋሳ ጓሮ ያለ የሐበሻ ጎመን ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቆዳው የተሸበሸበ ትል በዝቷል። ሲነኩት ተጠቅልሎ መሬት ይወድቃል። የአባጨጓሬው ቢቲ (ከባክቴሪያ የሚሠራ ፀረ ተባይ) ተረጭቶ ምንም አላለውም። ምን ይሆን? በየትስ አገር ይገኛል?

መልስ 1፦
ገበያ ላይ ያለው ቢቲ በአብዛኛው ለቢራቢሮና ለእሳት እራት እጮች ነው፤ አታሊያ ግን የንብና የተርብ ዘመድ የሆነ ነፍሳት ወገን ነው፤ ጎመን የሚበላው እጩ ነው። ትሉን ገልብጠው በአጉሊ መነጽር ይዩት፦ ከ6ቱ እውነተኛ እግሮች በኋላ ሆዱ ሥር 8 ጥንድ ሥጋማ እግሮች ካሉ አታሊያ ሳይሆን አይቀርም። አባጨጓሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ጥንድ አይበልጥም። የአታሊያ እጭ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝም አንድ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።

መልስ 2፦
የአታሊያን ወገን እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሊች በ1817 እ.ኤ.አ. ሰየመው። ለረጅም ዘመን በቴንትሬዲኒዴ አስተኔ ሥር ነበር፤ አሁን አታሊዴ ብለው ለብቻው የሚመድቡት አሉ። የተፈጥሮ ክልሉ አፍሪካ፣ እስያና አውሮፓ ነው። እባካችሁ ከኢንተርኔት ፎቶ አይታችሁ «ሮዜ» (አታሊያ ሮዜ) አትበሉት፤ ሮዜ የአውሮፓና የእስያ ዝርያ ነው። አፍሪካ የራሷ በርካታ ዝርያዎች አሏት፣ እጮቻቸውም በጣም ይመሳሰላሉ።

መልስ 3፦
ዝርያውን ለመለየት ክንፍ ያወጣው ጉልምሱ ያስፈልጋል። 10 ያህል ትልልቅ እጮች 5 ሳንቲሜትር እርጥብ አፈር ባለው ማሰሮ ከጎመን ቅጠል ጋር ያስቀምጡ፤ ሙሽሬ (በእጭና በጉልምስ መካከል ያለው ደረጃ) የሚሆኑት አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ ከጨቀየ ይሻግታሉ፣ ከደረቀም ይሞታሉ። የወጡትን ሴቶች 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተቱ፤ ሴቷ ቅጠል ሰንጥቃ እንቁላል የምትጥልበት መጋዝ መሰል አካሏ ጥርሶች ዋናው መለያ ናቸው። ለጎመኑ ደግሞ ሳፋ ከሥር ይዘው ቅጠሉን ያራግፉ፤ መውደቅ ስለሚወድ ብዙውን በዚያ ይለቅሙታል።