መደቤ የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ዓመት ምን ልትከልበት?

የደጁ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከግቢው በር እስከ ቤቱ መግቢያ በአጥሩ ሥር የሚሄድ የአበባ መደብ አለኝ፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ሜትር ተኩል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግማሽ ቀን። በየዓመቱ እየነቀሉ መትከል ስለሰለቸኝ ሥራቸው ከርሞ እንደገና የሚያቆጠቁጡትን መረጥኩ፦ አይሪስ፣ ፒዮኒ፣ ዴልፊኒየምና ትልልቆቹን ቀይ ፖፒዎች። ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲገባ ሁሉም ተያይዘው ይፈነዳሉ፤ ያን ሰሞን አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ቆሞ ያያል። ከዚያ ተያይዘው ይረግፋሉ። ቀሪውን ጊዜ የማየው ቢጫ ቅጠልና የደረቀ አገዳ ነው፤ ፖፒዎቹ የነበሩበትማ ጭራሽ ባዶ አፈር ይሆናል። በብርዱ ወራት ውርጭ አለ። ዓመቱን ሙሉ ቀለም እንዲኖር ምን ልጨምርበት? ስም ብቻ ብትዘረዝሩልኝ ይበቃኛል።

ቅጠሊት፦

እኔ አንድ ስም ብቻ ልስጥህ፦ ጄራኒየም ሮዛን። ሐምራዊ የነካው ሰማያዊ ነው፣ መሃሉ ነጣ ይላል፤ አንዴ ከጀመረ ውርጭ እስኪመታው አያቆምም። ዘር ስለማይቋጥር ነው። ብዙ አበቦች ዘር ከያዙ በኋላ ማበባቸውን ይተዋሉ፤ ይሄ ግን የሚይዘው ነገር የለም። በለንደን የሚካሄደው የቼልሲ የአበባ ትርዒት እ.ኤ.አ. በ2013 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር የምዕተ ዓመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠው እሱ ነው። ከፊት በኩል ሦስት እግር ትከልና ተገላገል።

እትዬ ጓሮ፦

ሮዛንን እኔም እወዳታለሁ፤ ግን አንዲት አበባ ዘጠኝ ሜትር ስትሸፍን ማየት ከሁለት ወር በኋላ ይሰለቻል።

ልጄ፣ ስም ዝርዝር ማለትህን ተወው። ሠላሳ ስም ብጽፍልህ ሠላሳውንም ገዝተህ መደቡ እዚያው ሊሆን ይችላል። መቼም ችግኝ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዚያ ቀን አብቦ በቆመው ላይ ነው። ብርዱ እንደወጣ ብቻ ችግኝ ፍለጋ የሚወጣ ሰው መደቡም ብርዱ እንደወጣ ብቻ ያብብለታል። አንተ የተከልካቸው አራቱ የአንድ ሰሞን አበቦች ናቸው፤ አንዳቸውም አላጠፉም።

ለዓመታት ከሚቆዩት አበቦች አብዛኞቹ የሚያብቡት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ስለዚህ ነገሩ ዱላ ቅብብል ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መነሳት አለበት። ወረቀት ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት ከላይ ወደ ታች ጻፍና ያሉህን በየሚያብቡበት ወር ትይዩ አስቀምጣቸው። ሁሉም ሁለት መስመር ላይ ተደራርበው ታገኛቸዋለህ። ከእንግዲህ ለእነዚያ ሁለት መስመሮች ምንም አትግዛ። ከሁሉ ከከፋው፣ ብርዱ ከጠናበት መስመር ጀምር።

እዚያ መስመር ላይ ሄሌቦር ጻፍ። ጎንበስ ብለው ነው የሚያብቡት፤ ቀና አድርገህ ካላየሃቸው መሃላቸው ያለውን ነጠብጣብ አታይም። የእነሱ ቀለም ለወራት የሚቆየው ለምን መሰለህ? እኛ የአበባ ቅጠል የምንለው ክፍል በእነሱ ላይ በእርግጥ እምቡጡን የሚያቅፈው ውጪኛው ሽፋን ነው፤ እንደ ሌላው አበባ ቶሎ አይረግፍም፣ እየቆየ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል እንጂ። አበባው ብቅ ማለት ሲጀምር ያረጁትን ቅጠሎች ከሥራቸው ቁረጣቸው፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው በሽታ የሚከርመው በእነሱ ላይ ነው። ተክሉ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርግ፤ ልጆች ካሉም ንገራቸው።

ቀጥሎ ያንን የፖፒ ባዶ ቦታ እንየው። ትልልቆቹ ፖፒዎች ካበቡ በኋላ ቅጠላቸውም አብሮ ይጠፋል፤ ውሃ ብታጠጣም ፍግ ብትጨምርም ያው ነው፣ ተፈጥሯቸው ነው። ገርትሩድ ጂኪል (1843–1932) የምትባለው እንግሊዛዊት የአትክልት ቦታ ነዳፊ ከፖፒው አጠገብ ጂፕሶፊላ ትተክል ነበር። ፖፒው ሲከስም ጂፕሶፊላው በዚያው ሰሞን እየተንዘረፈፈ ባዶውን በነጭ ጉም ይሸፍነዋል። ዴልፊኒየሙም ሲያልቅ አገዳውን አሳጥራ ከኋላ የተከለችውን ክሌማቲስ የሚባል ሐረግ ትጎትትበት ነበር። ይቺ ሴትዮ ዋናው መደቧ ስልሳ ሜትር ርዝመት፣ አራት ሜትር ስፋት ነበረው። ይህን ሁሉ ይዛም መደቡን ያቀደችው ለሙቀቱ አጋማሽና ለመጨረሻው ብቻ ነው፤ ለሌላው ወቅት ሌላ ቦታ ነበራት። አንተ ዘጠኝ ሜትር ይዘህ አሥራ ሁለት ወር ስትል ትንሽ ፈገግ ብያለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።

ይቻላል ግን፤ አበባን ብቻ ቀለም አትበል እንጂ። ቅጠል ከአበባ ይበልጥ ይቆያል። ከፊት በኩል ከመደቡ ሲሶውን ቅጠላቸው ለማይረግፍ ስጥ፦ ሂዩኬራ ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው አለ፣ በርጌኒያ ደግሞ ብርድ ሲነካው ሰፋፊ ቅጠሉ ይቀላል። የእነሱ ቀለም ካለ መሃል ላይ አንድ አበባ ብቻ ቢኖርም መደቡ ባዶ አይመስልም።

ለሙቀቱ ማብቂያ ሁለት ብቻ፦ አስተር ሞንችና ሴዱም። ሞንች ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፣ ለረዥም ጊዜ ያብባል፣ ሌሎች አስተሮችን የሚያስቸግራቸው ነጭ ዱቄት መሳይ በሽታም እምብዛም አይደፍረውም። ሴዱምን ግን ቀርበህ እየው። ከመሬት ሲወጣ ወፍራም፣ አመድማ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ወራት ቆይቶ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ የእምቡጥ ክምር ይሠራል፤ ያኔም አረንጓዴ ነው፣ ማንም አበባ አይለውም። ከዚያ ከዳር ጀምሮ ሮዝ ይሆንና ንብ ይወረዋል። ሮዙ ይጠቁራል፣ መዳብ ይመስላል፣ በመጨረሻ ቡናማ ሆኖ ይደርቅና ውርጭ እላዩ ላይ ያርፋል። በአንድ ተክል ግማሽ ዓመት ማለት ነው።

ከሁሉም ሥር፣ በመካከላቸው፣ ሽንኩርት መሳዮቹን ቅበር፦ ስኖድሮፕ፣ ክሮከስ፣ ናርሲሰስ። ጥልቀቱ የራሳቸውን ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ። የናርሲሰስ ቅጠል አበባው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አይቆረጥ፣ አይታሰር፤ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቀልበው እሱ ነው። ቢጫውን ቅጠል ለማየት ከጠላህ ዘግይተው ከሚነሱት አጠገብ ትከለው፣ እነሱ ይደብቁታል።

መኮትኮቻ፦

እትዬ፣ በሁሉም እስማማለሁ፤ ግን ስለ ደረቀው አገዳ ዝም አሉ። የደጁ ሰው «የደረቀ አገዳ» ብሎ የሚያማርረው ግማሽ ሀብቱን ነው። ፒት ኡዶልፍ የተባለው ሆላንዳዊ ነዳፊ ተክሉን የሚመርጠው ከደረቀ በኋላ በሚኖረው ቅርጽ ጭምር ነው። ኢኪናሲያ የሚባለው አበባ ጥቁር እራስ፣ ረዣዥም የጌጥ ሣሮች፣ ዝም ብለህ ብትተዋቸው ብርዱን ሙሉ ይቆማሉ፤ ወፎችም ፍሬውን ይለቅማሉ። መቀስህን አስቀምጥና አዲሱ ጉንቁል መውጣት ሲጀምር ብቻ ቁረጥ።

እትዬ ጓሮ፦

ሰፊ ሜዳ ላይ እውነትህን ነው። ሜትር ተኩል መደብ ላይ፣ ያውም ሰው በየቀኑ በሚያልፍበት በር ሥር፣ ዝናብ የደበደበው የአይሪስ ቅጠል ቅርጽ አይባልም፤ ቆሻሻ ነው። የሚተወው አገዳው ጠንካራ የሆነ ብቻ ነው፦ ሴዱም፣ ኢኪናሲያ፣ ሣሩም ካለ። ለስላሳው ይቆረጥ። የፒዮኒ ቅጠልማ ሻጋታ ስለሚከርምበት ጨርሶ ከመደቡ ይውጣ፣ ኮምፖስት ውስጥም አይግባ።

የደጁ ሰው፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የወራቱን ዝርዝር ዛሬ ማታ እሠራለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቦታ ለማግኘት ፒዮኒውንና አይሪሱን ላንሳቸው ወይስ በመካከላቸው ላስገባ? ደግሞስ ያሉኝን አበቦች ትንሽ ማስረዘም አይቻልም?

እትዬ ጓሮ፦

ፒዮኒውን አትንካው። መነሳት አይወድም፤ ያኮርፍና ዓመት ሁለት ዓመት ሳያብብ ሊቀመጥ ይችላል። በዙሪያው ስትቆፍርም ሆነ ጉዝጓዝ ስታለብስ እላዩ ላይ አፈር አትቆልልበት፤ ጉንቁሎቹ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው መቀበር ያለባቸው፣ ከዚያ ከጠለቁ ቅጠል ብቻ ይሰጥሃል። አይሪሱ ግን ከተጨናነቀ አበባው ሲያልቅ አውጣውና ከፋፍለው። መሃል ላይ ያረጀውን ጣለው፣ የዳር የዳሩን መልሰህ ትከል፤ ወፍራሙ ሥር ጀርባው ፀሐይ ይይ። በላዩ የሚንሰራፋ ነገር አጠገቡ አታስገባ፤ ሮዛንን ከእሱ አርቃት። ባዶው ቦታ ለሄሌቦሩና ለአስተሩ አይበቃም ብለህ አትፍራ፤ ሦስት ሦስት እግር አንድ ላይ አድርገህ ያንኑ ተክል በሁለት ቦታ ድገመው እንጂ ዓይነት አታብዛ።

ማስረዘም ይቻላል። ዴልፊኒየሙ እንዳለቀ እስከ መሬት ቁረጠው፣ ውሃና ትንሽ ማዳበሪያ ስጠው፤ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሁለተኛ አበባ ያመጣል። ናይትሮጅን ግን አታብዛበት፣ ቁመቱን ያስረዝምና ነፋስ ይጥለዋል። ሴዱምና አስተርን ደግሞ ሲሶ ቁመታቸውን አስቀድመህ፣ ገና እምቡጥ ሳይዙ፣ ቁረጥ። ሁሉንም አይደለም፤ ከሦስቱ እግር የፊቱን አንዱን ብቻ። ያልተቆረጡት በጊዜያቸው ያብባሉ፣ የተቆረጠው አጠር ብሎና ቅርንጫፍ አብዝቶ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይከተላቸዋል። ይህን በአይሪስና በፒዮኒ ላይ እንዳትሞክር፤ ጫፉ ከሄደ የዚያ ዓመት አበባ ሄደ።