ለቤት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሳጥን ምን ምን እናዘጋጅ?

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምንኖረው አዲስ አበባ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ የሦስት ዓመት ልጃችን ረከቦቱን ስቦ የተቀዳው ቡና ክንዱ ላይ ፈሰሰበት። ጎረቤቶቻችን በደግነት ተሯሩጠው ቢመጡም፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ እንቁላል እንቀባው ሲሉ እኛ የማንን እንደምንሰማ ግራ ገባን። በቤታችን የተገኘው ሊያልቅ የደረሰ ፕላስተርና መቼ እንደተገዛ የማናስታውሰው ሽሮፕ ብቻ ነበር። ልጁ አሁን ደኅና ነው። ሳጥን ለማዘጋጀት ስለወሰንን፣ ምን እንግዛ፣ የትስ እናስቀምጠው?

ነርስ ነኝ፦
እንኳን ለክፉ አልሰጠው። ለቃጠሎ ከሳጥኑ በፊት የሚያስፈልገው ውኃ ነው፤ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ይገባል። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ እንቁላል አይደረግበትም። በእኛ ከተማ ቧንቧ የሚደርቅባቸው ቀናት ስላሉ፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ሞልቶ ማስቀመጥ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል፤ ውኃው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ክንዱን ሳፋ ውስጥ መንከር ይቻላል። ቃጠሎው ፊትን፣ እጅን ወይም ብልትን ከነካ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ለሳጥኑ፦ በጸዳ እሽግ ያለ ጎዝ፣ ሁለት ሦስት ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መቀስ፣ የሙቀት መለኪያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም ተቅማጥ ሲይዝ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው፣ ብዙዎቻችን «ለምለም» የምንለው ኦአርኤስ። የኦአርኤሱን መጠን እሽጉ ላይ እንደተጻፈው ይበጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ጥጥ ቃጫው ስለሚጣበቅ በክፍት ቁስል ላይ በቀጥታ አይደረግም። የሚደማ ቁስልን በጎዝ ሸፍኖ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያነሡ አጥብቆ መጫን ነው፤ በየመሐሉ እያነሡ ማየት ደሙን መልሶ ያስጀምረዋል። የቡና ዱቄት መነስነስ ግን፣ እናቶቻችን ቢያምኑበትም፣ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር የሚጠቅም አይደለም።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
ስለ ሽሮፑ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ በሚገቡ መድኃኒቶች ላይ የሚታተመው ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «06/2024» የሚለውን በእኛ ዘመን ቆጥሮ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብሎ ያስቀመጠ ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ መድኃኒቱ ያበቃው ግን ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ነበር። የተከፈተ ሽሮፕ ደግሞ እስከ ታተመበት ቀን ላይቆይ ስለሚችል፣ የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጥንካሬ ስለሚለያይ (120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር አለ፣ 250ም አለ)፣ የልጁን ክብደት ነግረው መጠኑን ያስጽፉ፤ በወጥ ማንኪያ አይለኩ። ከቀድሞ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክን በዚህ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ሳጥኔን ቆልፌው ቁልፉ በጠፋበት ቀን ልጄ ጣቷን ቆረጠች፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ከምድጃና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ፣ ሳይቆለፍ ይቀመጣል። ክዳኑ ላይ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 939 (የከተማዋ እሳትና ድንገተኛ አደጋ) በትልቁ ጽፈንበታል፤ ምክንያቱም አደጋ ሲደርስ ቤት የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሞግዚቷ እንጂ እኔ አይደለሁም። የት እንዳለ ለእርሷም አሳዩአት።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ በረኪና ቢጠጣስ እናስመልሰው?

ነርስ ነኝ፦
በፍጹም አታስመልሱት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ነጭ ጋዝ ከሆነም ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ያው ነው። አፉን በውኃ አጥባችሁ፣ የጠጣበትን ጠርሙስ ይዛችሁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በረኪናውን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡት።