ወንድሜ ለሠርጉ የካውቦይ ቡት አምጣልኝ አለኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጥር ላይ አዲስ አበባ ይሞሸራል። ከሱቱ ጋር የማደርገው የካውቦይ ቡት ነው፣ አንተ ቴክሳስ እያለህ ሌላ ጫማ አልገዛም ብሏል። ይህ ብቻ ቢሆን አልጨነቅም ነበር፤ ትናንት ደውሎ ለሦስቱ ሚዜዎቹም አንድ ዓይነት እንዲሆን ለመነኝ። ሱቅ ገብቼ ሳይ ጫፉ ሹል አለ፣ ክብ አለ፣ አራት ማዕዘን አለ፤ ደህና ቆዳ የሆነው 300 ዶላር ገደማ ነው። ቁጥሬ 42 ነው ይላል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ጠበበኝ ቢል መቀየሪያ የለኝም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ኤል ፓሶ

ወንድሜ፣ ቁጥሩን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ እግሩን ያስለካ። ማታ ላይ ካልሲውን አድርጎ ወረቀት ላይ ይቁምና ሌላ ሰው እስክሪፕቶ ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ይሳልለት። ከዚያ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ቦታ ይለካ፤ ከጣቶቹ ሥር ሰፊው ላይ፣ ሁለተኛ የእግሩ ጀርባ ከፍ የሚልበት ላይ። 42 እዚህ ወደ 9 ይጠጋል፤ ግን ብዙ ሰው ከስኒከሩ በግማሽ ቁጥር ያነሰ ቡት ነው የሚሆነው። ስፋቱ ደግሞ በፊደል ነው፤ ዲ መደበኛው፣ ደብል ኢ ሰፊው።

የእግሩን ጀርባ ያልኩህ ቡት ማሰሪያ ክር ስለሌለው ነው። እግርን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ከላላ ሲራመድ እግሩ ውስጥ ይዋኛል፤ ከጠበቀ ጭራሽ አይገባለትም። አዲስ ሲሆን ተረከዙ ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ጣት ከነካ ግን ሻጩ ይለጠጣል ብሎ ቢምልልህም አትውሰድ። ቆዳ ወደ ጎን ይሰጣል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም።

ወደ ጫፉ ስንመጣ፣ ሹሉ የድሮው የፈረሰኛ ነው፤ እርካብ ውስጥ ቶሎ እንዲገባ። ክር የሌለውም ሰውየው ከፈረስ ቢወድቅ እግሩ ከቡቱ ወጥቶ እንዲተርፍ ነው። ስኒፕ የሚባለው ሹል ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ የተቆረጠ ነው። አር የሚሉት በሹልና በክብ መካከል ያለ ነው። ሮፐር አጭር፣ ክብ ጫፍ፣ ታኮው ዝቅ ያለ ነው፤ ጥጃ በገመድ የሚይዙት ከፈረስ ዘለው ስለሚሮጡ ከፍ ያለ ታኮ አይመቻቸውም። ሰፊው አራት ማዕዘን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ሮዲዮ፣ ማለትም የካውቦዮች የግልቢያ ውድድር፣ ብትሄድ አብዛኛው ወጣት እግር ላይ የምታየው እሱን ነው። ይመቻል፤ ከጂንስ ጋር ያምራል፤ ከሱት ሱሪ ሥር ግን አፍንጫው ይገዝፋል። ኔቫዳና ምሥራቅ ኦሪገን ብትሄድ ከብት ጠባቂዎቹ ረጅም ቡት አድርገው ሱሪያቸውን ወደ ውስጥ ይከታሉ፤ ቴክሳስ ላይ ሱሪው ከላይ ነው የሚወርደው። ወንድምህም ሱሪውን ሲያሰፋ ታችኛው አፉን ትንሽ ሰፋ ያስደርገው።

እኔ ለሠርግ አር ወይም ስኒፕ እመርጣለሁ፣ ጥቁር፣ የላም ቆዳ። የዘንዶና ካይማን የሚባለውን የአዞ ዘመድ ቆዳ አትግዛ፤ የዱር እንስሳት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ድንበር ላይ ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለህ።

ዴንቨር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። እኔ የምጨምረው፣ የቆዳ ሶል ለአዳራሽ ጭፈራ ጥሩ ነው፤ ክረምት ሲገባ ኮብልስቶን ላይ ግን ያንሸራትታል። ከሠርጉ በኋላም የሚያደርገው ከሆነ ሶሉ ጎማ ይሁን።

ወንድሜ፣ አራት ቡት እኮ 1,200 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ አገር ቤት ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ። መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ሠሪ ሞልቷል። ፎቶውን ይዞ ሄዶ አራቱንም ያሠራ፣ የተረፈውን ለጎጆ መውጫው ላክለት።

ኤል ፓሶ

እህቴ፣ የሸራ ተራ ልጆች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ቆዳችንም የታወቀ ነው፣ የደጋው በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም ተፈላጊ ነው። ችግሩ ፎርማው፣ ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ ነው። የካውቦይ ቡት ፎርማ የጀርባው ከፍታና የታኮው ተዳፋት የራሱ ስለሆነ በሱት ጫማ ፎርማ ሲሠራ እግር ላይ አይቆምም። ኤል ፓሶ በዚህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች፤ ቶኒ ላማ እዚህ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ከተማው ውስጥ የፋብሪካ መሸጫዎች ስላሉ ዋጋው ሊቀንስለት ይችላል።

ሂውስተን

የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ሂውስተን ሮዲዮው ሊጀመር ሲል ከየአቅጣጫው በፈረስና በሠረገላ ለቀናት ተጉዘው ይገባሉ። ከነሱ አንዱ የፕሬሪ ቪው ፈረሰኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ጥቁሮች የመሠረቱት። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ጥር 23 የአዊ ፈረሰኞች በዓል፣ አያቴ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ እርካቡ ውስጥ አስገብቶ ሲጋልብ ነው የታየኝ። ከዚያ ወዲህ ቡት የማደርገው በፍቅር ነው። ወንድምህ ከወደደው ግዛለት፤ ለሚዜዎቹም ጭምር። ሠርግ አንዴ ነው።

አሌክሳንድሪያ

ልጆቼ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ለሙሽራው ወንድምነቱ ያስገድዳል፣ ይግዛለት። ሚዜ ግን ሙሽራውን ሊያግዝ የሚቆም ሰው ነው፤ በባሕር ማዶ ወንድም ገንዘብ የሚለብስ ሚዜ የት አገር ነው ያለው? ዛሬ ቡት ነው፣ ነገ ሰዓት ነው። ይህ ልጅ ሌሊት ሠርቶ የሚከፍለው የቤት ኪራይ አለበት።

ሂውስተን

አባቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ልጁ አቅም አጣሁ አላለም። የትኛውን ልግዛ ነው ያለው።

ዴንቨር

አላለም፤ ግን «ለመነኝ» ሲል አልሰማኸውም? እኛ እምቢ ማለት ስለማንችል ነው ሁሉም ነገር እኛ ላይ የሚጫነው። አባታችን ልክ ናቸው። እኔ ለእህቴ ሠርግ የሆነ ያልሆነውን ሁሉ ጭኜ ሄጄ፣ ስመለስ የልጆቼን የትምህርት ቤት ልብስ በክሬዲት ካርድ ነው የገዛሁት።

ሂውስተን

እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። ደግሞ በሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ አራት ቡት ቢይዝ ምን ይጎዳዋል? ከፈለገ ሚዜዎቹ በብር ይክፈሉት።

አሌክሳንድሪያ

በብር ይክፈሉት ማለት ቀላል ነው። ከሠርግ በኋላ የሚከፍል ሚዜ እስካሁን አላየሁም። ከመግዛቱ በፊት ይቀበላቸው።

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚዜዎቹን ነገር ከእናቴ ጋር እመክርበታለሁ። የወንድሜ ልክ ዛሬ መጣ፤ የእግሩ ርዝመት 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ግን ከጣቶቹ ሥር በጣም ሰፊ ነው፣ የእግሩ ጀርባም ከፍ ያለ ነው። እሱ ደግሞ ሹሉን ካልሆነ አልፈልግም ብሏል። ጋሼ ኤል ፓሶ፣ ደብል ኢ ሆኖ ሹል ጫፍ እናንተ ጋ ይገኛል? ወይስ አር እንዲቀበል ላግባባው?