የወረቀት ሥራ በየወቅቱ፦ ለአራት ዓመት ልጅ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
የአራት ዓመት ልጄ እርሳስ ሲይዝ ጣቶቹ ቶሎ ይዝላሉ። ወቅቱ ቅጠል የሚረግፍበት በመሆኑ ባለፈው ሳምንት በስስ ወረቀት ላይ ቅጠል ሥዬ በመቀስ እንዲቆርጥ ሰጠሁት፤ ሆኖም ወረቀቱ በመቀሱ መካከል እየታጠፈ አልቆረጥ ሲለው አልቅሶ ጥሎት ሄደ። እጁን ይዤ ላስቆርጠው ወይስ ከሌላ ሥራ ልጀምር? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
መቀሱን ለጊዜው ያቆዩትና መጀመሪያ በእጁ ይቅደድ። ልጅ ወረቀት ሲቀድ በሁለቱም እጆቹ አውራና ጠቋሚ ጣት ቆንጥጦ ይይዝና አንዱን እጅ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ቁንጠጣው ለእርሳስ አያያዝ፣ የሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ ደግሞ በኋላ ለሚመጣው መቀስ ያዘጋጀዋል። ቢጫና ቀይ ወረቀት ቀዳዶ እርስዎ በሣሉት ግንድ ላይ ይለጥፍ፤ የተቀደደ ጠርዝ በራሱ ቅጠል ስለሚመስል ልጁ ያበላሸ አይመስለውም፤ ከሁሉ የምወድለትም ይህንኑ ነው። የዝናብ ወቅት ሲገባ ስስ ወረቀት አድበልብሎ አተር የሚያህሉ ጠብታዎችን ይሥራ። ልጆች በመዳፋቸው ማድበልበል ይቀናቸዋል፤ እርስዎ ግን ቁራጩን አሳንሰው ይስጡት፤ ያን ጊዜ ሳይነገረው በሦስት ጣቶቹ ይይዘዋል። ትንንሽ ነገር ወደ አፉ የሚወስድ ታናሽ ካለው አጠገባቸው ይሁኑ።

መልስ፣ ከአንድ አባት፦
ወደ መቀሱ ሲመለሱ ስስ ወረቀት አይስጡት። ጠንከር ካለ ወረቀት የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ያዘጋጁለት፤ አንዴ ጨመቅ ሲያደርገው ቁርጥ ይላል። የእኔ ልጅ በዚህ መንገድ የፀሐይ ጨረርና ሣር ስትሠራ ከረመች፤ ቀጥታ መስመርን ተከትላ መቁረጥ የቻለችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክብ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ መጣ። አውራ ጣቱ ወደ ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቅርጽ ሲቆርጥም የሚዞረው ወረቀቱ እንጂ መቀሱ አይሁን።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ ግራኝ መሆኑን መጥቀስ ነበረብኝ፤ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፣ ከመምህርቷ፦
በጣም ያመጣል፤ ምናልባትም የወረቀቱ መታጠፍ ከዚህ የመጣ ይሆናል። የተለመደው መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ በግራ እጅ ሲጨመቅ ስለቶቹ መገጣጠም ትተው ይራራቃሉ፤ ላይኛው ስለትም የሚቆረጠውን መስመር ይጋርድበታል። ስለቶቹ በተቃራኒ የተገጠሙበት የግራኝ መቀስ ይፈልጉለት፤ እስኪያገኙ ድረስ መቅደዱንና ማድበልበሉን ይቀጥል። እጁን ይዘው ከማስቆረጥ ይልቅ የወረቀቱን ጫፍ ወጠር አድርገው ይያዙለት፤ ቆራጩ እሱ ራሱ ይሁን።