በቡና ማሸጊያ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ ለመጻፍ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል?

የጀጎል ቡና ቆይ፦
ሐረር ውስጥ ቡና ቆልቼ ለነዋሪውም ለጎብኚውም እሸጣለሁ። አዲስ ማሸጊያ ላሳትም ስል የሕትመት ባለሙያው «ኦርጋኒክ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» እና «ለገበሬው ፍትሐዊ ክፍያ» የሚሉትን እንድጨምር መከረኝ። ቡናውን የማገኘው ከበደኖ ወረዳ ገበሬዎች ከሚሰበስብ አቅራቢ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ኬሚካል እንደማይጠቀሙ ይነግረኛል፤ የምስክር ወረቀት ግን የለውም። ገዢውን ሳላሳስት የትኛውን መጻፍ እችላለሁ?

ጋራ ሙለታ፦
ሦስቱ አባባሎች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ለየብቻ ቢመለከቷቸው ይሻላል። «ኦርጋኒክ» የሚገልጸው አመራረቱን እንጂ ገበሬው የተከፈለውን አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ቡና ያለ ቋሚ ተክል በዚህ ስም ለመሸጥ፣ ማሳው ከመጀመሪያው የኦርጋኒክ ምርት በፊት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በመርማሪ ድርጅት ቁጥጥር ሥር ከተከለከሉ ኬሚካሎች ነጻ ሆኖ መቆየት አለበት።

ዋጋን የሚመለከተው የፌርትሬድ («ፍትሐዊ ንግድ») የምስክር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ማሻሻያ ለታጠበ አረቢካ ቡና ዝቅተኛው ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1.80 የአሜሪካ ዶላር ሆኗል፤ ለጋራ ልማት የሚውል 20 የአሜሪካ ሳንቲምም ይጨመርበታል። ብዙ ሸማች የማያስተውለው ግን ይህ ዋጋ ለገበሬዎቹ ድርጅት የሚከፈል መሆኑን ነው። የማጓጓዣው፣ የማበጠሪያውና የአስተዳደሩ ወጪ ከዚያ ስለሚቀነስ፣ ገበሬው እጅ የሚገባው ከዚህ ያነሰ ነው። የሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለው ሌላው የምስክር ምልክት ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ አይወስንም። ስለዚህ ምልክት ያለው ሁሉ «ፍትሐዊ ክፍያ» ማለት አይደለም፤ እርስዎ ደግሞ ምልክቱም የለዎትም።

የማኅበር ሠራተኛ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀት የሌለው ገበሬ ሁሉ በኬሚካል ያመርታል ተብሎ እንዳይወሰድ እፈራለሁ። ምርመራው ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ በማኅበር ያልተደራጀ ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ብቻውን አይችለውም።

የአቅራቢዎ ቃል የሚያሳስበኝ በሌላ ምክንያት ነው። በሐረርጌ ቡናና ጫት በአንድ ማሳ ወይም በአጎራባች ማሳ ይበቅላሉ። ቡናው ላይ ምንም የማይረጭ ገበሬ እንኳ ጫቱ ላይ ፀረ ተባይ ሊረጭ ስለሚችል፣ «ኬሚካል አይጠቀሙም» የሚለው ማሳው ድረስ ሄደው ካላዩት በስተቀር የሚታመን አይደለም። በአንጻሩ የሐረር ቡና በባህሉ ሳይታጠብ፣ ጀንፈሉ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ በመሆኑ የማጠቢያ ጣቢያ ውሃ አይፈልግም። የእርስዎም ቡና በዚሁ መንገድ የደረቀ ከሆነ «ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ» ብለው ያለ ስጋት ይጻፉ።

የከዚራ ሸማች፦
እኔ ድሬዳዋ ሆኜ ቡና ስገዛ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረኝም፤ ውሃውን ነው፣ ደኑን ነው ወይስ ከረጢቱን? የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ጥቅል አባባል ያለ ማረጋገጫ እንዳይጻፍ ከልክሏል፤ ተፈጻሚነቱም ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከረጢቱ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተጣብቀው የተሠራ ከሆነ ደግሞ መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል እጅግ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ቃሉ ከተጻፈበት ዕቃ ጋር ይጋጫል።

እኔን የሚያሳምነኝ የወረዳው ስም፣ የምርት ዘመኑና ገበሬው በፈረሱላ የተከፈለው ዋጋ ነው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ማሸጊያው ላይ ማተም ካስቸገረ ሱቅዎ ውስጥ ይለጥፉት።

የጀጎል ቡና ቆይ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «በደኖ፣ ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ» የሚለውንና የምርት ዘመኑን አሳትማለሁ፤ ሦስቱን አባባሎች ትቻቸዋለሁ። አቅራቢው ለገበሬዎቹ የከፈለበትን ደረሰኝ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ፤ ፈቃደኛ ከሆነ ዋጋውን ሱቄ ውስጥ እለጥፋለሁ። የማኅበር ሠራተኛ ሆይ፣ ማሳውን ለማየት ስሄድ ጫት የሚረጭበትን ወቅት እንድመርጥ ጊዜውን ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።