የችክችካ ዘፈን ወደ ሃውስ ሪሚክስ፦ ቮካሉ ከኪኩም ከኮርዱም ጋር አልገጥም አለኝ

ጀማሪ_በኤፍኤል፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአንድ ጓደኛዬን ዘፈን ወደ ሃውስ ሪሚክስ ልሠራ ነው። ቮካሉን፣ ቤዝ ጊታሩን፣ ክራሩንና ድራሙን ለየብቻ በዌቭ ሰጥቶኛል። ዘፈኑ ችክችካ ነው፤ ቅኝቱ ከዶ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር። የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩ ኤፍኤል ስቱዲዮ ቴምፖውን (በደቂቃ ስንት ቢት እንደሚመታ) 168 ብሎ ያነበዋል። ፕሮጀክቱን 124 ላይ አድርጌ የቮካሉን ጫፍ ይዤ ኪኩ (ወፍራሙ የድራም ምት) ላይ እስኪገጥም በጆሮ ጎተትኩት። መጀመሪያ የገጠመ ይመስልና ከአሥር ባር በኋላ ይወጣል። የምሞክረው ኮርድ ሁሉ ከድምፁ ጋር ይጣላል። ታችኛው ድምፅ ደግሞ ድፍንፍን ብሏል። ከየት ልጀምር?

ሦስት_በአንድ፦
መጀመሪያ 168ን እርሳው። ሶፍትዌሩ ስምንተኛ ኖታዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ነው የቆጠረው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ እግር የሚመታው በየሦስቱ ነው። 168ን ለ3 አካፍለህ በ2 ስታባዛው 112 ይመጣል፤ ኪክህ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። አራት ኪክ ያለው አንድ የሃውስ ባር ሁለት የችክችካ ባር በልኩ ይይዛል።

ከ112 ወደ 124 መሄድ ከ10 በመቶ በላይ ማፍጠን ነው። ቃላቱ ይጣደፋሉ፣ ድምፃዊው ዜማውን የሚያርገበግብባቸው ቦታዎችም የፍየል ድምፅ ይሆናሉ። 118 ይበቃሃል፤ 5 በመቶ ግድም ስለሆነ ጆሮ አያውቅበትም፣ ለመደነስም አይዘገይም።

ሌላው፣ ስናፑን (ኖታና ክሊፕ የሚያርፍበትን የግሪድ መስመር) ወደ 1/3 ቢት ቀይረው። ከሳምፕል ፓክ (ከተዘጋጁ የድምፅ ስብስቦች) የወረዱት የሃይሃት ሉፖች (ተደጋጋሚ የሲምባል ምቶች) አብዛኞቹ ቢቱን ለአራት የሚከፍሉ ናቸው። ቮካልህ ለሦስት ይከፍላል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ሙዚቃው የሚደናቀፍ ይመስላል፣ የስዊንግ ቁልፍ ብታዞርም ሙሉ በሙሉ አይድንም። ኪኩን በየቢቱ፣ ክላፑን 2 እና 4 ላይ፣ ሼከሩን በየ1/3 ቢት አድርግና ከበሮ ስትጨምር ከሦስቱ አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ጣለው። ችክችካው ሳይጠፋ ሃውስ ይሆናል።

ቅኝት_ጠባቂ፦
ኮርዱን ከመቀየርህ በፊት ክሊፑን ሁለቴ ተጭነህ የስትሬች ሞዱን (ድምፁ የሚለጠጥበትን መንገድ) እይ። «ሪሳምፕል» የሚል ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሪሳምፕል ፍጥነት ሲጨምር ድምፁንም አብሮ ያነሳል። ከ112 ወደ 124 ስትሄድ ወደ 1.76 ሰሚቶን (ግማሽ ቶን) ይነሳል፤ ሙሉ ቶን እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ በየትኛውም ኪይ ብትፈልገው አታገኘውም። ለአንድ ሰው ድምፅ «ኢ3 ሞኖ» ወይም «ስትሬች ፕሮ» ምረጥ።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቅኝቱ ና። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉም። በየዩቲዩቡ የሚያስተምሩት የአራት ኮርድ ዙር ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ስለሚገቡበት ሁለቱንም ይዟቸው ይመጣል፣ ያኔ ትዝታው ተራ ፖፕ ይሆናል። በዶ ሜጀርና በላ ማይነር ብቻ ብዙ መሄድ ይቻላል። የቀረውን በዶና ሶል ባዶ ፓድ (ሁለቱን ኖታዎች ብቻ በያዘ ረዥም ድምፅ) ያዘው። እግረ መንገዴን፣ የአንቺሆዬ ቅኝት ዘፈን ከገጠመህ ያንን ባዶ ፓድም አትሞክር፤ ከመነሻው ጋር የሚገጥም አምስተኛ የለውም፣ መነሻውን ብቻ አስረዝም።

ኦቶቲዩን (ኖታ አስተካካይ) ካደረግክበት አንሳው። ድምፃዊው እየተንሸራተተ የሚይዛቸውን ኖታዎች ይገድላቸዋል።

ቢላዋ፦
ከአሥር ባር በኋላ መውጣቱ ድራመሩ ያለ ሜትሮኖም ስለመታው ነው። አንድ ቦታ 110፣ አዝማቹ ላይ 114 ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ፋይል ብትለጥጠው መቼም አይገጥምም። ቮካሉን ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ቆራርጠውና እያንዳንዱን ሐረግ ለብቻው አሰልፍ። የምታሰልፈው የሐረጉን መጀመሪያ ሳይሆን ጠንከር ያለውን ቃል ነው። «እንደ» ወይም «የ» ብሎ ቀድሞ የሚገባ ካለ ከኪኩ በፊት ይቅር። በየቆረጥክበት 10 ሚሊሰከንድ ግድም ፌድ ስጥ (ድምፁ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ)፣ አለዚያ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቃል በቃል ግን ግሪድ ላይ አትልጠፍ፤ ነፍሱ ይወጣል።

ኪክና_ቤዝ፦
ድፍንፍን ያለው ሦስት ነገር አንድ ቦታ ስለተጋፋ ነው፦ ኪክህ፣ አዲሱ ቤዝህና የድሮው ቤዝ ጊታር። ጊታሩን አጥፋው። ቤዝህ ዶ ላይ 65 ኸርዝ አካባቢ ስለሚሆን መሠረቱ 50 ኸርዝ ግድም የሆነ አጭር ኪክ ፈልግ። ቮካሉን ከ100፣ ክራሩን ከ150 ኸርዝ በታች ቁረጥ።

ከዚያ ሳይድቼይን፤ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ዝቅ እንዲልለት ማድረግ ነው። የኪኩን ሚክሰር ትራክ ወደ ቤዙ ትራክ በሳይድቼይን ላክና ቤዙ ላይ ፍሩቲ ሊሚተር አስገባ፤ በኮምፕረሰሩ ገጽ ኪኩን ምረጥ። ሬሾ 4 ለ1፣ ቤዙ በእያንዳንዱ ኪክ ከ4 እስከ 6 ዲቢ ዝቅ ይበል፣ ሪሊሱ (ቤዙ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ። በ118 አንድ ቢት 508 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ቤዙ ቀጣዩ ኪክ ሳይደርስ ይመለሳል። ሪሊሱን 500 ካደረስከው ቤዙ ጭራሽ አይነሳም።

ጀማሪ_በኤፍኤል፦
እግዜር ይስጥልኝ! ሪሳምፕል ነበር፤ ኮርዱ ወዲያው ገጠመ። አሁን ሙሉውን ዘፈን ከላይ እስከ ታች ላሰልፈው?

ሦስት_በአንድ፦
ኧረ አይሆንም። ግጥሙ ሁሉ ከገባ ያው ዘፈን ኪክ ተጨመረበት እንጂ ሪሚክስ አልሆነም። ከአዝማቹ 8 ባርና አንድ የክራር ሐረግ ምረጥ፣ ሥራህን በእነሱ ዙሪያ ገንባ። መግቢያና መውጫው 16፣ 16 ባር ያለ ቮካል ይሁን። በ118 ያ 32 ሰከንድ ተኩል ግድም ነው፤ ዲጄው ለማገናኘት ያስፈልገዋል። ድራሙ ሲመለስ እንዲከብድ ከፈለግህ ከዚያ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቢት ባዶ ተወው።

ወረቀት_ይኑርህ፦
ዩቲዩብ ላይ ልትጭነው ከሆነ የጓደኛህ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥሙና የዜማው ደራሲ እንዲሁም የቅጂው ፕሮዲውሰር የየራሳቸው መብት አላቸው። ጓደኛህ ሁሉንም ራሱ ካልሆነ ከእያንዳንዳቸው በጽሑፍ ተቀበል።

ኪክና_ቤዝ፦
የሙከራውን ኤፍኤል የምትጠቀም ከሆነ ሴቭ ያደረግከውን ፕሮጀክት መልሶ አይከፍትልህም። ከመዝጋትህ በፊት እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በ24 ቢት ዌቭ አውጣ፣ ሁሉም ከባር 1 ይጀምሩ። የሙሉው ሚክስ ጫፍ ከ6 ዲቢ ኔጌቲቭ አይለፍ፣ ማስተሩ ላይም ሊሚተር አታድርግ። አንድ ጊዜ በሞኖ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ስፒከር ስማው። ስልኩ ላይ ቤዙ ከጠፋ ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምር እንጂ ድምፁን አታንሳ።