በጽሑፍ የማሳምነውን ነገር በስብሰባ ላይ ለምን ማሳመን አቃተኝ?

የግዥ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በግዥ ሙያ ስምንት ዓመት የሠራሁ ስሆን፣ አሁን ያለሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የምጽፈውን ማስታወሻ አለቆቼ አንብበው ያመሰግኑኛል፤ ያንኑ ነገር ሰኞ ጠዋት በሚደረገው የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ በቃል ሳስረዳ ግን ድምፄ ይቀንሳል፣ ንግግሬ ይንዛዛል፣ ሰብሳቢውም «እሺ፣ ይታያል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ።

ባለፈው የበጀት ዓመት የፕሪንተር ቀለም 11 ጊዜ ገዝተናል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ (የአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበን፣ አወዳድረን፣ አስፈርመናል። ይህ ቀርቶ በዓመት አንድ ጊዜ አወዳድረን ከአሸናፊው አቅራቢ ጋር የማዕቀፍ ውል፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ዕቃው ባስፈለገን ጊዜ ያለ አዲስ ውድድር የምናዝዝበት ውል፣ እንድንገባ ሐሳብ አቀረብሁ። የተናገርሁት ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ይቅርታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀለም በየጊዜው በፕሮፎርማ ከምንገዛ፣ ጊዜም ስለሚወስድ፣ ሠራተኛም ስለሚያመላልስ፣ በማዕቀፍ ውል ብንገዛ ጥሩ ይሆናል ብዬ ነው የማስበው ማለት ነው።» የፋይናንስ ኃላፊው በተቃውሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ የተናገረ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ሐሳቡን እንደገና እንዳቀርብ ተፈቅዶልኛል። እስከዚያ ድረስ በራስ መተማመኔን እንዴት ላዳብር?

የቀድሞ ሰብሳቢ

ለብዙ ዓመታት ስብሰባ የመራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከወንበሩ በኩል የሚታየውን ልንገርዎት። የጠቀሱት ዓረፍተ ነገር ችግሩ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አሠራሩም ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ፣ ምክንያቶቹን ሁሉ አስቀድመው ሲደረድሩ አድማጭዎ ምን እንደሚጠይቁት ሳያውቅ የምክንያት ሸክም ተሸክሞ ይቆያል። በጽሑፍ ላይ ይህ አይጎዳም፤ አንባቢ ተመልሶ ማንበብ ይችላልና። በስብሰባ ላይ ግን ማሰሪያው እስኪደርስ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው የራሱን አጀንዳ ያስባል። ማሰሪያው ሲደርስ ደግሞ «ጥሩ ይሆናል ብዬ ነው የማስበው ማለት ነው» የሚል ሆኖ አገኙት፤ አንድን ጥያቄ በሦስት እርከን ያላላ አነጋገር ነው። (እኔም «ማለት ነው» የምትለዋን ቃል ለመተው ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ታመልጠኛለች።)

እንዲህ ቢሉትስ፦ «ቀለም በማዕቀፍ ውል እንድንገዛ ውሳኔ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት 11 ጊዜ ገዝተናል፤ ለዚህም 33 ፕሮፎርማ ሰብስበናል። በማዕቀፍ ውል አንድ ውድድር ይበቃናል።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲረዝም ለመሙላት የሚጨምሩት ቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሉትን የሚያፈርሰው ነው። «ይቅርታ»ን ደግሞ በእውነት ላጠፉበት ቀን ያቆዩት።

ጡረተኛው ነገረ ፈጅ

ልጄ፣ ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሜ ስለ ማሰሪያ አንቀጽ ያነሡት ትክክል ነው፤ ጥያቄውን አስቀድሞ መናገር ግን የሚጠቅመው አድማጭሽ ልቡ ክፍት ሲሆን ነው። ራሱን ለሚነቀንቅ ሰው ጥያቄሽን ገና ሳትቀመጪ ብትነግሪው፣ የቀረውን የሚሰማሽ ለመቃወሚያ የሚሆነውን ለመልቀም ነው።

በቀድሞው የበልሃ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎች በአደባባይ ቆመው ሲሟገቱ፣ የአንደበተኛው ብልሃት «ተጠየቅ» ይባል ነበር። ጥያቄ እየጠየቀ ባላጋራውን በራሱ መልስ ያስረው ነበር። ነጠላው ሲወዛወዝና ዘንጉ ሲሰበቅ ያየ ሰው ጉዳዩ የድፍረት ብቻ ይመስለው ይሆናል፤ ፍሬው ግን የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነበር። አንቺም መጀመሪያ ማንም ሊክደው ከማይችለው ተነሺ፤ «ባለፈው ዓመት ለአንድ ዓይነት ዕቃ 11 ጊዜ ክፍያ መፈጸማችንን ሰነዱ ያሳያል» በይ። እሱ ከጸና በኋላ የሠራተኛውን ድካም፣ በመጨረሻም ውሉን አምጪ። ነገር ግን አደራ፣ የፍርድ ቤት ባላጋራ ከፍርዱ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ግን በማግሥቱ ፊርማውን የምትፈልጊው ሰው ነው። አፋጠሽ ከረታሽው ቀለሙን በውል ገዝተሽ ሌላውን ሁሉ ታጪያለሽ።

ከፒያሳ

እህቴ፣ ሁሉም ስለ አነጋገርሽ ጻፈ፤ ኃላፊው ራሳቸውን ለምን እንደነቀነቁ የጠየቀሽ ግን የለም። አንቺስ ጠይቀሻቸዋል? በእኛ መሥሪያ ቤት ታላቅን በሰው ፊት መቃወም ነውር ስለሆነ፣ ተቃውሞ ያለውም በይሉኝታ ዝም ይላል፤ እውነተኛው ክርክር የሚደረገው ከስብሰባው በፊት፣ በኮሪደርና በማኪያቶ ላይ ነው። ይህን እንደ ሽንገላ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን አክብሮት ነው እላለሁ። ቢሯቸው ገብተሽ «ባለፈው ያልተስማማዎት ነገር ምን ነበር?» በያቸው፤ ምክንያታቸውን ሳታውቂ የምታዘጋጂው ንግግር ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው።

ልምምድ ወዳዱ

ድምፅ የሚቀንሰው በአብዛኛው ስላልተለመደ ነው፤ የሚድነውም በመናገር እንጂ በማንበብ አይደለም። ቶስትማስተርስ የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ የተጀመረው የንግግር ክለብ ሁለት ጠቃሚ ልማዶች አሉት፤ ሳይዘጋጁበት በተሰጠ ርእስ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ መናገር፣ እንዲሁም ተናጋሪው «እ…» እያለ የሚጎትታቸውን ድምፆች የሚቆጥር ሰው መመደብ። ክለብ ባይመችዎት ሁለት ባልደረቦችዎን ይዘው በምሳ ሰዓት ይሞክሩት፤ «ማለት ነው» የምትለውንም ያስቆጥሩ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ያስደነግጥዎታል።

የግዥ ሠራተኛዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፒያሳዋን ምክር ሰምቼ ትናንት የፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጥያቄዬን ስጨርስ ሳቁና ወንበር ሰጡኝ። ፕሮፎርማው እሳቸውንም እንደሚያሰለቻቸው ነገሩኝ፤ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ዋጋውን ለአንድ ዓመት ማጽናት ይከብደዋል፤ ወይ ስጋቱን ዋጋው ላይ ጨምሮ ይወዳደራል፣ ወይ መሀል ላይ ውሉን ጥሎ ይሄዳል ይላሉ። እኔ ይህን አንድም ጊዜ አላነሣሁትም ነበር፤ በማስታወሻዬም ላይ የለም፤ ለካስ ያመሰገኑኝ ሳይስማሙም ነው።

ውሉ በየሦስት ወሩ ዋጋ የሚከለስበት አንቀጽ ቢኖረውና ክለሳው ከምን መነሻ እንደሚሰላ አስቀድሞ ቢወሰን እንደማይቃወሙ ነግረውኛል። ስለዚህ ሰኞ የምከፍተው «የዋጋ ለውጥ ስጋት እንዳለ የፋይናንስ ኃላፊው አስረድተውኛል» በሚል ነው፤ ከዚያ 11ዱ ግዥ፣ ከዚያ ጥያቄው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ዛሬ ለባልደረባዬ ሳነብላት «ማለት ነው» አራት ጊዜ ቆጠረችብኝ። የዋጋ ክለሳ አንቀጽ ያለው ውል በሥራችሁ ያጋጠማችሁ ካላችሁ፣ መነሻው የባንክ ተመን ይሁን ወይስ የአቅራቢው የግዥ ሰነድ፣ ብትጠቁሙኝ ሰኞ ሳይደርስ እጨምረዋለሁ።